በፈረሰው የአዋሽ ስታዲየም የቀረው ድምፅ፦ የአቶ ትግሉ ዋሲሁን የሕይወት ታሪክ

አቶ ትግሉ ዋሲሁን ከባቡር ሠራተኛው አባታቸው ከአቶ ዋሲሁን ጉግሳ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ አትክልት እንድሪያስ በ1956 ዓ.ም. በአዋሽ ሰባት ኪሎ፣ በጣቢያው ሠፈር ተወለዱ። ሲወለዱ ጩኸታቸው የባቡሩን ፊሽካ ያስንቅ ነበር ይባላል። ያወሩት እናታቸው ስለሆኑ ትንሽ ቢጨማመርበትም አይፈረድባቸውም። የአንደኛ ደረጃ ትምህርታቸውን በአዋሽ፣ የሁለተኛ ደረጃውን በናዝሬት ተከታትለው በ1975 ዓ.ም. በጣቢያው ዕቃ ክፍል ተቀጠሩ።

በዚያው ዓመት ከጅቡቲ በባቡር ያስመጡት የኤሌክትሪክ ጊታር የሠፈሩን ሰላም ነሣው። አባታቸው ይህ ነገር ወይ እሱን ወይ እኔን ያሳብዳል ብለው ሲያማርሩ ኖሩ፤ ደግነቱ ሁለቱም ሳያብዱ ቀሩ።

ስታዲየሙን ያላየ ወጣት ስለበዛ፣ ስለ እሱም ጥቂት ማለት ግድ ነው። የባቡር ሠራተኞች ከአዋሽ ወንዝ ገደል አፋፍ አጠገብ ለእግር ኳስ ብለው የሠሩት ሜዳ ሲሆን፣ መቀመጫው ከሐዲድ ሥር የወጣ አሮጌ እንጨት፣ አጥሩ ቆርቆሮ ነበር። አቶ ትግሉ በ1985 ዓ.ም. ከድራመሩ ወዳጃቸው ከአቶ ጁነዲን ጋር የሮክ ባንድ አቋቁመው፣ በየቅዳሜው ፀሐይ በረድ ሲል እዚያ ይጫወቱ ጀመር። ከድሬዳዋና ከናዝሬት ሳይቀር ባንዶች እየመጡ ተጫውተውበታል። አዋሽን የማያውቅ ሰው ሮክና አዋሽን ምን አገናኛቸው ይል ይሆናል፤ አንድ ቅዳሜ ቢመጣ ኖሮ ይገባው ነበር።

ከተማው የመንገድ ከተማ ነውና ሙዚቃ ጥሞት መኪናውን የሚረሳ ሾፌር አይጠፋም። ስለዚህ የጉዞ ሰዓቱ የደረሰ ሾፌር ሲኖር አቶ ትግሉ ዘፈኑን አቋርጠው ስሙን በማይክ ይጠሩ ነበር። ሾፌሩ ካለበት ተነሥቶ እጁን እያነሣ አቤት ይላል፤ ተመልካቹ ባንድ አፍ በሰላም ግባ ብሎ ይሸኘዋል። አቤት ሳይል የወጣ ሾፌር በሚቀጥለው ቅዳሜ መሳቂያ ይሆናል።

በጣቢያው ትኬት ይሸጡ የነበሩት ወይዘሮ ዕፀገነትም አቶ ትግሉን በዐይን ከማየታቸው በፊት የወደዱት ያንን ድምፅ ነው። በ1988 ዓ.ም. ተጋብተው ደራርቱንና ደስታውን ወለዱ። ወይዘሮ ዕፀገነት መልኩንስ በኋላ ለመድኩት እያሉ በባለቤታቸው ላይ ሲያሾፉ ኖረዋል።

ስታዲየሙ በ2008 ዓ.ም. ፈርሶ የከባድ መኪና ማቆሚያ ሆነ። አቶ ትግሉ ሲፈርስ ቆመው አዩ። በ2010 ዓ.ም. በሰመራ የምትሠራው ልጃቸው ደራርቱ ዘንድ ከባለቤታቸው ጋር ገብተው መኖር ጀመሩ። በ2013 ዓ.ም. በጉሮሮ ካንሰር ምክንያት ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው። ሕይወታቸው ተረፈ፤ ድምፃቸው ግን እስከ መጨረሻው ጠፋ። ዘፈናቸውን የቀዱባቸውን ካሴቶችም የሰመራ ሙቀት ስላበላሻቸው፣ ወይዘሮ ዕፀገነት የሚወዱትን ድምፅ የሚሰሙበት ምንም ነገር አልቀረላቸውም።

በ2015 ዓ.ም. ግን የድሮ ወዳጃቸው ሾፌር አቶ አብዱልአዚዝ ሊጠይቋቸው ሰመራ መጡ። እንደ ተቀመጡም፣ «ትናንት አዋሽ መኪና ማቆሚያው ላይ ስሜን ጠራኸኝ፤ አቤት አልኩህ። ወላሂ፣ አንተ ነህ!» አሉ። አቶ ትግሉ ከሰመራ ሳይወጡ ዓመት አልፏቸው ነበር። በቤቱ ውስጥ የነበርነው ሁሉ እርስ በርስ ተያየን።

እንደሚታወቀው ሰው ሳይታይ ድምፅ ከጠራ አቤት አይባልም፤ ለማን እንደሚመልሱ አይታወቅም። የስታዲየሙ ሰዎች ምላስ ግን ለምዶበታል፤ ማይኩ ከጠራቸው ሳያስቡት አቤት ይላሉ። በየጊዜው ሌሎችም ሰማን አሉ። ድምፁ መሸት ሲል መድረኩ ከነበረበት በኩል ይመጣል፤ ጎርነን ያለ፣ የወጣትነታቸው ድምፅ ነው። በማቆሚያው ሻይ ቡና የምትሸጠው ሀምዳ ጀበናዋንና ወንበሯን ይዛ ከአስፋልቱ ማዶ ተሻገረች። ከዚያ ግን አንድ ሾፌር አቤት ባለ በሳምንቱ ሚሌ አጠገብ ተገልብጦ ሞተ።

አቶ ትግሉ ይህን ከሰሙ በኋላ እህል አልወርድ አላቸው። በስልካቸው ላይ «ድምፄ ሰው እየገደለ ነው» ብለው ጽፈው ለአቶ ጁነዲን አሳዩ። አቶ ጁነዲን መንገዱ እኛ ስንጫወትም ሰው ይበላ ነበር ብለው ቢያጽናኑአቸውም አልሆነም፤ ሄደው ሊያስቆሙት ቆረጡ። ወይዘሮ ዕፀገነት በበኩላቸው መንገደኛ ሁሉ የሰማውን ድምፅ እኔ ምን በድዬ እነፈጋለሁ እያሉ ያለቅሱ ነበር። በትዳር ዘመናቸው የተጣሉት በዚህ ብቻ ነው፤ አቶ ትግሉ ድምፁ ዝም እንዲል፣ ባለቤታቸው ግን እንዲናገር ይመኙ ነበርና።

በኅዳር ወር 2018 ዓ.ም. ሁለቱም በየልባቸው ያለውን ይዘው በአቶ አብዱልአዚዝ መኪና ወደ አዋሽ ሄዱ። ፀሐይዋ ስትጠልቅ በቆሙት መኪኖች መካከል አልፈው መድረኩ የነበረበት ቦታ ደረሱ። ነፋሱ ቀጥ አለ። ድምፁም ጥርት ብሎ «ትግሉ ዋሲሁን!» ሲል ተጣራ።

ወይዘሮ ዕፀገነት የባለቤታቸውን ክንድ ጨምድደው ይዘው፣ «አቤት እንዳትል! አቤት እንዳትል!» እያሉ ጮኹ። ባለቤታቸው አቤት የሚሉበት ድምፅ እንደሌላቸው በድንጋጤ ረስተውት ነበር። ድምፁ ንግግሩን ቀጥሏል፤ ነገር ግን በጩኸቱ ምክንያት አቶ አብዱልአዚዝም አልሰሙትም። ወይዘሮ ዕፀገነት ዝም ሲሉ ሁሉም ነገር ጸጥ ብሏል። አቶ ትግሉ ብቻ ፈገግ ብለው፣ እንደ ተጠራ ሾፌር እጃቸውን አንሥተው ቆመዋል። ምን አለህ ተብለው ስልኩ ቢሰጣቸው ሳይጽፉ መለሱት።

ከዚያች ምሽት ወዲህ በማቆሚያው ድምፅ የሰማ የለም። አቶ ትግሉም ወደ ሰመራ ተመልሰው፣ ከበፊቱ በተሻለ እየበሉና እየተኙ ጥቂት ቀናት ከሰነበቱ በኋላ፣ ኅዳር 24 ቀን 2018 ዓ.ም. በተወለዱ በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም በሞት ተለይተዋል። ሥርዓተ ቀብራቸውም በተናዘዙት መሠረት በትውልድ ከተማቸው በአዋሽ ሰባት ኪሎ ይፈጸማል።

አቶ ትግሉ ባለትዳርና የሁለት ልጆች አባት ነበሩ። ስንቱን በሰላም ግባ ብለው የሸኙትን እኚህን ሰው፣ እግዚአብሔር በሰላም ተቀብሎ ነፍሳቸውን በአብርሃም አጠገብ ያኑርልን።

ባለቤታቸው ወይዘሮ ዕፀገነት ይህ ቃል ለቀብሩ ለመጡ ሾፌሮች ሁሉ እንዲነበብላቸው አደራ ብለዋል፦ «ስንት ዓመት ስመኘው የነበረውን ድምፅ በገዛ ጩኸቴ ሸፈንኩት። ያን ምሽት ማቆሚያው ውስጥ የነበረ፣ ከስሙ በኋላ ምን እንዳለው የሰማ ሰው ካለ፣ ክፉም ቢሆን አይደብቀኝ፤ መጥቶ ይንገረኝ።»