አሥራ ዘጠነኛው ቁጥር

ይድረስ ለወንድም ጋሼ ሰይፈ ሚካኤል፤ የጅቡቲ ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ አምላክ ይመስገን ከዚራ ሰፈራችን፣ ከዛፎቹ ጥላ ሥር አለን።

አባባ ጡረታ ቢወጡም ጠመኔ አልጣሉም። በረንዳው ላይ የመጨረሻዎቹን ሁለት እየደመሩ ቀጣዩን ይጽፋሉ፦ 1፣ 1፣ 2፣ 3፣ 5፣ 8። ከአንድና ከራሱ በቀር ለማንም የማይካፈለውን፣ ብቸኛውን ቁጥር ክብ ያደርጉበታል። አሥራ ዘጠነኛው ላይ እንዴት ይቆጡን እንደነበር ታስታውሳለህ? «ቦታው፣ 19፣ ብቸኛ ቁጥር ስለሆነ የተቀመጠበትም ብቸኛ ይመስላችኋል! 4181 ለ37 ይካፈላል!»

ማክሰኞ ያንኑ 4181 ክብ አደረጉበት። ሙቀቱ ነው ብዬ አለፍኩት። ሐሙስ ደግሞ የድሮ ተማሪያቸው ነጅሙዲን ከሳቢያን ሰፈር በባጃጁ ይዟቸው መጣ። «ቤቱን ሲፈልጉ አግኝቻቸው ነው፤ ሙቀቱ ይሆናል» አለኝ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ዛሬ ጠመኔውን ተቀብዬ 37ን በ113 አባዝቼ አሳየኋቸው። ቆመው ብዙ አዩትና ፊታቸው በራ።

«ጎበዝ! ማነው ያስተማረሽ?» አሉኝ።

«አንድ ቁጡ መምህር» አልኳቸው።

ለታኅሣሥ ገብርኤል እመጣለሁ ያልከውን ለሐምሌው ብታደርገው ምን ይመስልሃል? ስምህን ከቁጥሮቹ በላይ በትልቁ ጽፌዋለሁ፤ ጠዋት ጠዋት አብረን እናነበዋለን።

ቁሉቢ ገብርኤል መንገድህን ያቅናልህ።

እህትህ ስምረት