የሚሽከረከረው ፊደል

ልጄ ዛሂድ፣ አላህ እዚያ ማሌዥያ በሰላም ያውልልኝ። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን፤ ውሃ ግን ከጠፋ ሳምንት ሆኖታል።

ክፍል ውስጥ ገለጻ ስታቀርብ የተቀረጽኸውን ቪዲዮ እህትህ ጁዋይሪያ በስልኳ አሳየችኝ። ወላሂ አናደድኸኝ! ስላይድህ ላይ ፊደሉ ለምንድነው እየተሽከረከረ የሚገባው? ያን ሁሉ ጽሑፍስ ማን አንብቦ ይጨርሰዋል? እኔ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ጨርቅ ስሸጥ ጣቃውን ሁሉ ባንዴ ብዘረጋው ማን ይገዛኛል? አንዱን ገልጬ የደንበኛዬን ዓይን ነው የማየው። አንተ ወደ ግድግዳው ዞረህ ታነበንባለህ! ማስታወሻህ ላንተ ብቻ የሚታይበት ቦታ ኮምፒውተሩ ላይ አለ ትላለች ጁዋይሪያ፤ እዚያ ጻፈው።

አላህ አንደበትህን ያፍታታልህ፣ በሰው ፊት ሞገስ ይስጥህ። ስትደግመው እባክህ ወደ ሰዉ ዙር። ሁለት ዓመት ያላየሁትን ልጄን ላየው ነው ብዬ ተቀምጬ፣ ያየሁት ማጅራትህን ብቻ ነው።

እናትህ ሀፊሳ