የሣር ወንዝ ሊግን ዋንጫ ስላለመመለሴ

ለክቡር አቶ ብራድሊ ኩንትዝ፣
የተዋሃዱት የሣር ወንዝ ትምህርት ቤቶች የበላይ ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደህንነት፣ ለመኪናዎም ይህ የሰሜን ዳኮታ ብርድ የማይበግረው ባትሪ እመኛለሁ። እኔ ካርላ ሃውገን እባላለሁ። ቬርና ከተማ የትራክተር መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ በወጣትነቴ ደግሞ የቬርና ሴቶች ቅርጫት ኳስ ቡድን አምበል ነበርኩ። ቬርና የትኛዋ እንደሆነች ከጠፋብዎ፣ አምና ትምህርት ቤቷን የዘጉባት ከተማ ናት።

ስለ ሟቹ የሣር ወንዝ ሊግ ታሪክ ያሠሩትን የመስታወት ሣጥን ቅዳሜ እንደሚያስመርቁ፣ እኔ ዘንድ ያለውንም ዋንጫ እስከዚያ ቀን እንዳስረክብ ያዘዙበትን ማስታወቂያ በጋዜጣ አነበብኩ። ስላስታወሱኝ እጅ እነሣለሁ። ዋንጫውን ግን አልሰጥም፤ ምክንያቴንም በትሕትና አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ ስለ ሊጉ የመጨረሻ ዓመት «በበረዶ ውሽንፍር ምክንያት የሴቶች ፍጻሜ አልተካሄደም፤ ሻምፒዮን የለም» ብለው አስጽፈዋል። ለዚህ የታሪክ ምርምርዎ ያለኝን አድናቆት በቃላት መግለጽ ይቸግረኛል። እንግዲያው ያን ቀን የወለቀው የፊት ጥርሴ የት ቦታ እንደወለቀ ቢያስመረምሩልኝ ውለታዎን አልረሳም።

እርግጥ ነው፣ ዳኞቹ መንገድ ላይ በበረዶ ተይዘው ቀርተዋል። ተጋጣሚዎቻችን የካልደን ከተማ ልጆች ግን ቀድመው ገብተው ነበር። አሰልጣኛችን «ጨዋታው ይቅርና ልጆቹን ይዛችሁ ተመለሱ» ቢሏቸው፣ የካልደኑ አሰልጣኝ «በየት በኩል? መንገዱ የት አለና? ይልቅ ይጫወቱ» አሉ። የሉተራን ቤተ ክርስቲያኑ ቄስ ፊሽካውን አንስተው «ከሁለታችሁም ከተማ ሰው ቀብሬአለሁ፤ ለማንም አላዳላም» ብለው ነፉት። ሕዝቡ ሁሉ እያየ ተጫወትን፤ በአንዲት ቅርጫት አሸነፍን። ከዚያ በረዶው እስኪያባራ ድረስ ሁለቱም ከተማ ባንድ አዳራሽ ተቀምጦ የቺሊ ወጥና የቀረፋ ዳቦ በላ። የስፖርት ማኅበሩ «ቄሱ የዳኝነት ፈቃድ የላቸውም» ብሎ ሳይመዘግበው ቀረ፤ ለምዝገባው ስንሟገትም በጸደይ ሊጉ ራሱ ፈረሰ።

ሁለተኛ፦ ዋንጫውን «የወረዳው ንብረት» ብለውታል። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል፤ እኔ ግን እንደናቁን ማሰብ አልፈልግም፣ ደንቡን ሳያውቁት ቀርተው ነው እላለሁ። በሊጋችን ዋንጫ የሚሰጥ ባለሥልጣን አልነበረም። የያዘው ቡድን ይዞት ይመጣል፤ ከተሸነፈ አምበሉ በገዛ እጁ ላሸናፊው ያስረክባል። ያን ቀን የካልደኗ አምበል ዋንጫውን አቅፋ መጥታ፣ እንባዋ እየወረደ «ያዢው እንግዲህ። ለጥርስሽ ያዘንኩ እንዳይመስልሽ፤ ለዋንጫው ነው የማለቅሰው» አለችኝ። ጥርሴን ያወለቀችው በክርኗ እሷው ነበረች። ከዚያ ወዲህ ያሸነፈን ስለሌለ ለማን ልስጠው?

ሦስተኛውን እንኳ ባልጽፈው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ዝም ማለት አልሆነልኝም። ያቺ አምበል ሮንዳ ትባላለች። እርስዎ እማዬ ይሏታል።

አገሩ ሁሉ «የእናቱን ሽንፈት ሊደብቅላት ብሎ ነው» እያለ ያወራል። እኔ ለወሬ ጆሮ የለኝም፤ ልጅ ለእናቱ ቢሳሳም አልፈርድበትም። ግን የእርስዎ ሣጥን የሚቆመው የቬርናም ልጆች በየቀኑ በሚያልፉበት በር ላይ ነው። ትምህርት ቤታቸውን ወሰዱባቸው፤ አያቶቻቸው አንድ ቀን አሸንፈው እንደነበር ደግሞ እንዳይነገራቸው ነው? ይህንስ እምቢ አልኩ። የጨዋታው ውጤትና የሁለቱም ቡድን ልጆች ስም በሣጥኑ ላይ በተጻፈ ማግሥት ዋንጫውን ራሴ አመጣዋለሁ። እስከዚያ ሱቄ ውስጥ፣ ከዘይት ማጣሪያዎቹ አጠገብ ይቀመጣል። በጉልበት እወስዳለሁ የሚል ካለም አምስት ሰው ይዞ ይምጣ፤ ጉልበታችን ቢንቋቋም ኳስ አልረሳንም።

ቬርናን ካርታ ላይ ስላስቀሩልን እያመሰገንኩ፣ ለከፍተኛ ሥልጣንዎ የሚገባውን ያህል ዝቅ ብዬ እጅ የምነሣ፣

ካርላ ሃውገን
የሣር ወንዝ ሊግ የሴቶች ሻምፒዮን አምበል፣ እስካሁንም

ማስታወሻ፦ ደብዳቤውን ከመላኬ በፊት ለሮንዳ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው ሰምታ ይህን ጨምሪልኝ አለችኝ፦ «ያን ቀን እንደተጫወትኩት በዕድሜዬ ተጫውቼ አላውቅም። ተሸነፍኩ፤ ብሸነፍስ ምን አለበት? ልጄ ሽንፈቴን ልደብቅላት ብሎ ጨዋታዬን ቀማኝ በይው።»