የሩት መርዶ

ጥቅምት 9፣ ቡታጅራ
የ9ኛ "ለ"ን ፈተና አርሜ ጨረስኩ። ወደ ገጣሚዋ ተመለስኩ። አዲስ አበባ ያለ አንድ መጽሔት የአሜሪካዊቷን ገጣሚ ሕይወትና ሥራ ጻፍልን ብሎኛል፤ የእናንተ አገር ልጅ ናት ብለው። ሩት። በአምስት ዓመቷ በጉዲፈቻ ሄደች። ሦስት መጻሕፍት፣ ሽልማት፣ ዩኒቨርሲቲ ታስተምራለች። ሦስቱም መጻሕፍት ስለ ሞተች እናቷ ናቸው። ግጥሙ ጥሩ ነው። ደረቅ፤ እንባ አይለምንም። ቀናሁ።

አንድ ችግር አለ፣ ማስታወሻዬ። እናቷ አልሞተችም። ዘነበች ትባላለች፤ እዚሁ ገበያ ውስጥ ቆጮ ትሸጣለች፤ ልጇ በጉዲፈቻ መሄዷን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። ዛሬ ጠዋት ሰላም ተባብለናል።

ጥቅምት 11
ዘነበች ቤት ሄጄ የልጇን ነገር ነገርኳት። ትስላለች። ባሏ ሞቶ፣ እሷም ታማ ሳለች፣ ደላላው ልጅቷ ተምራ ትመለሳለች ብሎ ወሰዳት። ወረቀቱ ላይ እናትም አባትም የላትም ተብሎ መጻፉን የሰማችው ኋላ ነው።

እናትሽ በሕይወት አለች ብዬ ልጻፍላት? አልኩ።

"ተው መምህር። በእኔ ሞት እንጀራ ከበላች ትብላ።" ሳቀች። ሳሏ አቋረጣት።

ግጥሙን በአማርኛ እየመለስኩ አነበብኩላት። የግጥሙ እናት ቀጭን፣ ድምጿ ለስላሳ። የዘነበችን ጩኸት ገበያው ሁሉ ያውቀዋል።

"ይቺ ደግሞ ማን ናት?" አለች።

ጥቅምት 20፣ ወልቂጤ
ዘነበች ሆስፒታል ተኝታለች። ሳንባዋ ነው። ያስመጣት ታላቅ ወንድሟ ደምሴ ነው፤ እዚህ ብየዳ ቤት አለው። ጽሑፉ ቆሟል። አለች ብል ቃሏን አፈርሳለሁ። ሞታለች ብዬ አልጽፍም።

ጥቅምት 23
ሞተች። ቀበርናት። የጴንጤ ቀብር፤ ሙሾ የለ፣ ደረት መምታት የለ፣ መዝሙር ብቻ። ስትጮህ የኖረችን ሴት በጸጥታ ሸኘን።

ድንኳኑ ውስጥ ደምሴ ያዘኝ። ለልጅቷ መርዶ ይሂድ አለ። ዘነበች አልፈለገችም አልኩ። የሞተ ሰው መርዶ አይከለክልም አለ። ልጅቷ እኮ አልቅሳ ጨርሳለች፣ ሦስት መጽሐፍ ሙሉ፣ አልኩ። ተቆጣ።

"ማን አረዳት? ሽማግሌ በሯ ደረሰ? ያለ መርዶ ምን ለቅሶ አለ!"

በስልክ ልንገራት አልኩ።

"የውሻ ሞት ነው እንዴ?"

ጥቅምት 27፣ ቡታጅራ
ደምሴ በቤ/ክ ሰዎች በኩል እሷ ባለችበት ከተማ የሚኖሩ ሦስት ሐበሾች አግኝቷል። ቤቷንም አጠያይቀዋል። ነገ ሳይነጋ ይሄዳሉ። አማርኛ አትችልም፣ ወጉን አታውቅም፣ ፖሊስ ነው የምትጠራው አልኩት።

"ትጥራ። ፖሊሱም መርዶውን ይስማ።"

ጥቅምት 28፣ ከሰዓት
እዚያ ገና ሊነጋ ነው። ስልኬ ጮኸ። ከሦስቱ አንዱ ነው፤ ቁጥሬን ደምሴ ሰጥቶታል። በሯ ላይ ቆመዋል፤ አንኳኩተዋል፤ ውስጥ መብራት በራ። በሹክሹክታ ነው የሚያወራው። አንድ ነገር ግራ ገባን መምህር፣ አለ። የቱን እናስቀድም? እስከ ሰሞኑ መኖሯን ነው መሞቷን?

ደምሴ ወልቂጤ ነው፤ ለመደወል ጊዜ የለም። የምጠይቀው ሰው የለም።

መኖሯን፣ አልኩ። መጀመሪያ መኖሯን ንገሯት። ትንሽ ቆዩ። ከዚያ —

በሩ ሲከፈት ሰማሁ።