ሁለቴ ሲመታ ሂድ ነው

ውድ አባባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ፊት ለፊት ተቀምጬ መጠየቅ ሲገባኝ በወረቀት መጠየቄ ራሱ ያሳፍራል። ግን ከፓርኩ ከተመለስን ወዲህ ዓይንዎን ማየት አቅቶኛል። ባለፈው እሑድ እንኳን ቤትዎ መጥተን፣ እርስዎ ወደ ሳሎን ሲገቡ እኔ ስልክ እንደተደወለለት ሰው ወደ ግቢ ወጣሁ። ስልኬ መኪና ውስጥ ነበር። እርስዎም ያውቁ ነበር።

ጉዞው የእርስዎ ነበር። ዕድሜዎን ሙሉ አውቶብስ ሲነዱ ስንቱን ሰው እስከዚያ ፓርክ በር አድርሰው፣ አራግፈው፣ ዞረው ተመልሰዋል። ከበሩ ወዲያ ግን አንድ ቀን አልፈው አያውቁም። ጡረታ ሲወጡ ልጅዎ፣ ባለቤቴ፣ «አባዬ አሁን ደግሞ በተራው ተሳፋሪ ይሁን» ብላ ነገሩን ጠነሰሰች። እሷ እርግዝናው ከብዷት ማረፊያ ክፍላችን ስትቀር ሁለታችን ወጣን። ጎማውን በእግርዎ እየነካኩ መኪናዬን ዞሯትና «ይቺ ለሠርግ እንጂ ለጫካ ትሆናለች?» አሉኝ። ልክ ነበሩ። የሠርግ ፎቶ አንሺ ነኝ፤ መኪናዬም እንደ እኔ የለመደችው አስፋልት ነው።

በሩ ላይ ጠባቂው «ከመንገድ እንዳትወጡ፣ ከመኪና እንዳትወርዱ» አለን። ገባን። እርስዎ ክርንዎን መስኮቱ ላይ ደግፈው እንደ ሕፃን ይስቁ ነበር። ከርከሮዎች ጭራቸውን ቀስረው ሲሮጡ አይተው «ሰርቪስ ያመለጣቸው ሠራተኞች!» አሉ። ቀጭኔዋ መንገዱን እስክትሻገር ስንጠብቅ ደግሞ ሹፌር ከመሆንዎ በፊት ረዳት የነበሩበትን ጊዜ አጫወቱኝ። ረዳት የአውቶብሱን ጎን በመዳፉ አንዴ ሲመታ ቁም፣ ሁለቴ ሲመታ ሂድ ማለት ነው አሉኝ። «ረዳቱ አንዴ መትቶለት የሄደ ሹፌር፣ ሹፌር አይባልም።» ቀጥሎ የምሠራውን ባውቅ ኖሮ ጆሮዬን እደፍን ነበር።

ከዚያ ግልገሏን ዝሆን አየኋት። የደረቀው ወንዝ ዳር ብቻዋን ቆማ ኩምቢዋን ታወዛውዛለች። ፎቶ የሚሉት አባዜ ያዘኝ። «ተው፣ መንገዱ ላይ ሆነህ አንሳት» አሉኝ። «አንዴ ብቻ አባባ» ብዬ ወደ አሸዋው ወረድኩ። ጎማው ሰመጠ። ነዳጅ ስረግጥ ይብስ ሰመጠ። እርስዎ አንድ ቃል ሳይቆጡኝ ወረዱ፤ ቅርንጫፍ ሰብረው ከጎማው ሥር አስገቡ፣ ከኋላ ሆነው ገፉ። መኪናዋ ተነቃነቀችና ወጣች። እናትየዋ ጆሮዋን ዘርግታ ከቁጥቋጦው ብቅ ያለችው ያኔ ነው።

አባባ፣ እግሬ ነዳጁ ላይ ነበር፤ አላነሳሁትም። በመስታወቱ አየሁዎት። የመኪናዋን ጎን ሲመቱም ሰማሁ። ሰምቼ ሄድኩ። መሪውን አንቄ፣ ላብ በላብ ሆኜ፣ የጠባቂዎቹ ቤት እስኪታይ ድረስ ወደ ኋላ አልዞርኩም።

ከጠባቂዎቹ ጋር ስንመለስ ከአንድ ትልቅ ኩይሳ ጀርባ ተቀምጠው አገኘንዎት። አንድ ጫማዎ የለም፣ ጉልበትዎ ደምቷል። ዝሆኗ ግልገሏን ይዛ ሄዳለች። አንደኛው ጠባቂ ወደ እኔ ዞሮ «ሽማግሌ ጥሎ የሚሮጥ ምን ዓይነት ሰው ነው?» ሲል መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። እርስዎ ግን ተነሥተው ሱሪዎን አራገፉና «እሱን ተወው፣ ሂድ ያልኩት እኔ ነኝ። ሁለቴ መታሁለት፤ ሰው ይዞ እንዲመጣ» አሉ። ወደ እኔ አላዩም።

እኔም ዓይኔን በጨው አጥቤ ዝም አልኩ። ልጅዎ ያንኑ ከእርስዎ ሰምታ አቀፈችኝ። ለጎረቤት፣ ለእህቶቿ «ሌላ ሰው ቢሆን ተደናግጦ እዚያው ይቀር ነበር» እያለች አወራች። አንዳንዴ እኔ ራሴ «ምን ላድርግ፣ ታዘዝኩ» እላለሁ። እንዲህ ስል የገዛ ድምፄ ያስጠላኛል። እርስዎ ደግሞ ከዚያ ወዲህ ላድርስዎ ባልኩ ቁጥር «በእግሬ ልሂድ፣ ሐኪም አዞኛል» ይላሉ። ያንን ጉልበት ይዘው!

ሰኞ ዕለት ልጅዎ የሆስፒታል ሻንጣዋን እያዘጋጀች «ምጡ ሲመጣ አንተ ካለህልኝ አልፈራም፤ አንተ አትደናገጥም» አለችኝ። ከዚያ በላይ መቻል አቃተኝ፤ ቁጭ ብዬ እስከዚህ ያለውን ጻፍኩና መጀመሪያ ለእሷ ሰጠኋት። አነበበችው። «አባዬ ለእኔ ብሎ ነው የዋሸው» አለች። አልሰደበችኝም፤ ይቅርም አላለችኝም። «ደብዳቤውን እኔ ይዤለት እገባለሁ። አንተ ውጭ ትቆያለህ» አለች ብቻ።

እንግዲህ በጠባቂዎቹ ፊት ማለት የነበረብኝን አሁን ልበል። ሁለቴ አልመቱም፣ አባባ። አንዴ ነው የመቱት። ሰምቻለሁ።

ይህን ሲያነቡ እኔ ከበርዎ ውጭ መኪናዬ ውስጥ ነኝ፤ ሞተሩን አጥፍቻለሁ። ልጅዎን ለእርስዎ ትቼ እንድሄድ ከፈለጉ ወጥተው የመኪናዋን ጎን ሁለቴ ይምቱ፤ ቃል ሳይወጣኝ እሄዳለሁ። አንዴ ከመቱልኝ ግን እቆማለሁ። የፈለገው ቢመጣ እቆማለሁ።

ሹፌር የማይባለው አማችዎ