በመድረክ ላይ የተውሽልኝ ቦታ

ውድ ማይሊንዳ፣

የጣሊያኑን የባሪ አድራሻሽን ስጠይቃት እማዬ «ለምን ፈለግኸው?» አለችኝ። ደብዳቤ ልጽፍላት ነው ብላትም ወረቀቱን ወዲያው አልሰጠችኝም፤ ዓይኔን ካየች በኋላ «ስልክ የለም እንዴ?» ብላ ደግማ ጠየቀችኝ። ሰው ሁሉ የእኔ የራፖ ተጠራጣሪነት ከየት የመጣ ነው ይላል። ከሩቅ አልመጣም።

በስልክ ያልነገርኩሽ እንደምታቋርጪኝ ስለማውቅ ነው። ደግሞም ነገር በቃል ስናገር ግማሹን እውጠዋለሁ። ስለዚህ በታኅሣሥ መድረኩ ላይ ከጎንሽ ቆሜ ምን ሳስብ እንደነበር በጽሑፍ ልንገርሽ። ካነበብሽ በኋላ ብትናደጂብኝም አልፈርድብሽም።

በኅዳር ስትደውዪልኝ አራት ዓመት ሙሉ ከሰላምታ ያለፈ ነገር አልተነጋገርንም ነበር። «ወንድምዓለም፣ ለዘፈን ውድድሩ አልፌያለሁ» አልሽኝ። መሃሉ ላይ ሙዚቃው ቆሞ እኛ ቤት እንደሚዘፈነው እንዲዘፈን እንደምትፈልጊ፣ እኔ፣ እማዬና አጎቴ ጄብሮ ቲራና መጥተን አብረንሽ እንድንቆም ነገርሽኝ። እሺ አልኩሽ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ለሚስቴ ያልኳት ግን ሌላ ነው። «አባቷ ሲቀበር ያልመጣች ልጅ ዛሬ ቤተሰብ አማራት» ነው ያልኳት።

ሥራዬን ታውቂዋለሽ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቭሎራ ውስጥ ከቤት ቤት እየዞርኩ የመብራት ቆጣሪ አንብቤያለሁ። ሰው ፈገግ ብሎ በር ሲከፍትልኝ ቀድሜ የማየው ፊቱን አይደለም፤ ከቆጣሪው ጀርባ በድብቅ የተቀጠለ ሽቦ አለ ወይ ብዬ ነው የማየው። ብዙ ጊዜ አለ። ግባ፣ ቡና ጠጣ እያለ የሚለምነኝ ሰው ቤትማ ሁልጊዜ አለ። አንቺም ቤተሰቤን ከጎኔ ላቁም ስትዪኝ ሽቦ ፍለጋ ጀመርኩ።

ብዙም አልደከምኩም። አባታችን በተቀበረ ማግስት የአጎቴ የጄብሮ ልጅ በስልኩ አንድ ፎቶ አሳይቶኝ ነበር። ቀይ ቀሚስ ለብሰሽ፣ ባሪ ውስጥ አንድ መድረክ ላይ አፍሽን ከፍተሽ ትዘፍኛለሽ። የተለጠፈው በቀብሩ ቀን ነው። የመኖሪያ ወረቀቴ አላለቀም፣ ከጣሊያን ከወጣሁ መልሰው አያስገቡኝም ያልሽውን ዘመድ ሁሉ አምኖሽ ነበር። እኔ ያን ፎቶ በሆዴ ይዤ አራት ዓመት ዝም አልኩሽ።

ቲራና ስንደርስ ነገሩ ባሰብኝ። ያቺ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ የሰካች አስተባባሪ እማዬን ከላይ እስከ ታች አየቻትና እናት ጥቁር ሻርፕ ቢለብሱ ጥሩ ነው አለች፤ እማዬ አባታችን ከሞተ ወዲህ ሌላ ቀለም ለብሳ የምታውቅ ይመስል። አጎቴ ጄብሮ ከመንደር አጥቦ ያመጣውን ነጭ የሱፍ ቆብ አስወልቀው ከእሱ የነጣ ሌላ ቆብ ሰጡት። ከኋላችን በትልቁ ሰሌዳ ላይ የባንዲራችን ባለሁለት ራሱ ንስር በየደቂቃው ክንፉን ይዘረጋል። ከዚያ አስተባባሪዋ ለእማዬ ካሜራው ሲጠጋ ትንሽ እንባ ቢኖር እንደማይከፋ ሹክ አለቻት።

«እንባስ ነበረኝ ልጄ» አለቻት እማዬ፣ «ግን ዓይን አፋር ነው፤ ሰው ሲያየው አይወጣም።»

አጎቴ ጄብሮ በአዲሱ ቆብ አፉን ይዞ ሳቀ፤ አንቺም ሳቅሽ። እኔ ግን ይቺን ሴትዮ እንዲህ በዪ ያላት ማን ይሆን እያልኩ አንቺን ነበር የማየው። የመድረክ መሪው የሚያነበውንም ወረቀት ሰርቄ አየሁት። «ማይሊንዳ ከመላው ቤተሰቧ ጋር፣ የአልባኒያ ቤተሰብ፣ የአልባኒያ ልብ» ይላል። የትኛው መላው ቤተሰብ? ግማሹ ግሪክ ነው፣ ግማሹ ጀርመን፣ አባታችን አፈር ውስጥ። ዛሬ የአልባኒያ ቤተሰብ የሚገናኘው በስልክ ነው እያልኩ ለራሴ አጉረመረምኩ።

ከሁሉም የከነከነኝ ልምምዱ ነው። እኛ ቤት ዘፈን እንዴት እንደሚነሳ ለአንቺ መንገር አይገባኝም፤ ግን እኔ ራሴ የረሳሁ ስለመሰልኩ ልጻፈው። የወይን አረቄያችን ራኪው ተቀድቶ፣ አይቡና በኮምጣጤ የተዘፈዘፈው ቃሪያ ቀርቦ፣ ጨዋታው ሞቅ ብሎ ሳለ ድንገት ወሬው ይቆማል። ሁሉም ሳህኑን ያያል። እስቲ አንሳልን የሚል ሰው የለም፤ የቤቱን ታላቅ ጀምር ማለት ቦታህን አታውቅም ብሎ መስደብ ነውና። አባታችን ጉሮሮውን ጠርጎ ያነሳል። እማዬ ትቀበለዋለች። እኛ ከስር «ኤ» ብለን እንይዛለን፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው እየያዘ ድምፁ ሳይቋረጥ እስከ መጨረሻው ይሄዳል።

እሱ ከሞተ በኋላ እኛ ቤት ዘፈን ተነስቶ አያውቅም። ማንሳት የነበረብኝ እኔ ነኝ፤ ታላቁ እኔ ነኝ። ሰዉ ስንት ቀን ሳህኑን አይቶልኛል! ጉሮሮዬን ልጠርግ ስል ግን የሱ ጉሮሮ መስሎ ይሰማኝና ወሬ እቀይራለሁ። ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

በልምምዱ ሙዚቃው ሲቆም አንቺ አነሳሽው። ለአስተባባሪዋ «ለዛሬ ሰዓቱን እንድትለኩበት እኔ ላንሳው» ስትያት ሰምቻለሁ፤ ግን አላመንኩሽም። አራት ዓመት ርቃ ኖራ አሁን የአባቴን ወንበር ልትወስድ መጣች አልኩ። ሽቦውን ያገኘሁት መሰለኝና ደስ አለኝ ብል ታምኚኛለሽ? ሰው ተጠራጥሮ ልክ ሲሆን ደስ ይለዋል። እኔን ደስ ይለኛል።

እንግዲህ ወደ ውድድሩ ልምጣ። አዳራሹ ሞልቷል፤ አገሩ ሁሉ በቴሌቪዥን ያያል። የመጀመሪያውን ክፍል ብቻሽን ዘፈንሽው፤ ጥሩ ዘፈንሽው፣ አልዋሽም። ሙዚቃው ቆመ። አሁን ታነሺዋለሽ ብዬ ስጠብቅ ዝም አልሽ። አቀርቅረሽ ወለሉን አየሽ። መጀመሪያ ግጥሙ የጠፋብሽ መስሎኝ ደነገጥኩ። ወዲያው ግን ዘዴሽ የገባኝ መሰለኝ። የአባታችንን ባዶ ቦታ ለዳኞች ልታሳይበት ነው፤ ሕዝቡ እንዲያለቅስ ነው አልኩ። በልምምዱ ለምን እንደደበቅሽንም ያወቅሁ መሰለኝ። ይህን ሞት እንኳ አላሻሽጥሽም ብዬ ጥርሴን ነከስኩ።

ስንት ጊዜ እንደቆየ አንቺ ታውቂዋለሽ። ለእኔ ረጅም ነበር።

ከዚያ እማዬ አነሳችው። በዕድሜዋ ዘፈን አንስታ የማታውቅ ሴት! ድምፅዋ ሲጀምር ተሰነጠቀ፣ ቀጥሎ ቀና አለ። አንቺም ቀና ስትዪ ያየሽው እሷን አልነበረም፤ እኔን ነው። ለቅጽበት አየሽኝና ዞረሽ ተቀበልሻት። አጎቴ ጄብሮ ከስር ብቻውን ይይዝ ነበር፤ እኔ አፌ ተዘግቷል። ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፣ መተንፈስ ነበረበት። ሲተነፍስ የሚይዝለት ስላልነበረ ድምፁ ተቋረጠ። እኛ ቤት ድምፅ ሲቋረጥ የሰማሁት ያን ቀን ብቻ ነው። እኔ የገባሁት ከሁለተኛው ስንኝ በኋላ ነው።

የቀረውን አገር ያውቀዋል። አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበ፤ ሁለተኛ ወጣን። በሳምንቱ አንድ አዋቂ ነኝ ባይ በቴሌቪዥን ቀርቦ ያ ዝምታ ለሞቱት አባት የተሰጠ ክብር ነው፣ የተቋረጠው ድምፅ ደግሞ በስደት የተበተኑት ልጆቻችን ቦታ ነው፣ አልባኒያዊነትን በሦስት ደቂቃ አሳዩን አለ። የእኔ ኩርፊያ ነበር እኮ ማይሊንዳ! ቭሎራ ቡና ቤት ስገባ ሰዎች ተነስተው ጨበጡኝ። አስባችሁበት ነው አይደል ሲሉኝ አዎ፣ አስበንበት ነው አልኩ። ራኪ ጋበዙኝ። ጠጣሁት።

ያለፈው እሑድ መንደር ወጥቼ እማዬን አገኘኋት። በአይብ ለሚሞላው ቂጣችን፣ ለብዩሬክ፣ ሊጥ እየዳመጠች ነበር። ከአንቺ ጋር ተመካክራችሁ እንደሆነ ላረጋግጥ ብዬ ያን ቀን ለምን እንዳነሳችው ጠየቅኋት።

የሊጡን መዳመጫ አስቀመጠች። «ታዲያ አንተን ስትጠብቅ እስከ መቼ አቀርቅራ ትቁም?»

አልገባኝም አልኳት። ውሸቴን ነው፤ መግባት ጀምሮልኝ ነበር።

«በአደባባይ ወንድሜ አንሳልኝ ብላ እንድትለምንህ ፈልገህ ነው? ስድ አድርጌ አላሳደግኋትም። ቦታህን ተወችልህ፣ ሳህኗን አየች። አንተ ጥርስህን ነከስክ።»

እንደ ሌባ ተያዝኩ። ሰው ሲያዝ ደግሞ ያገኘውን ይወረውራልና አራት ዓመት የደበቅሁትን ፎቶ ወረወርኩባት። አባቴ ሲቀበር እሷ መድረክ ላይ ስትዘፍን ነበር አልኳት። እማዬ አልጮኸችብኝም። ዱቄት በነካው እጇ ከሽርጥ ኪሷ ያንን አሮጌ ስልኳን አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ያን ቀን ልጄ እዚህ ውስጥ ነበረች» አለችኝ። «ሬሳው ከቤት ከወጣ ጀምሮ። እኛ ሴቶቹ ሙሾ ስናወርድ እሷ ከኪሴ ሆና ድምፁን ትይዝልን ነበር። ባትሪው እስኪሞት ያዘች።»

ማይሊንዳ፣ ያን ቀን የእማዬ እጅ ከኪሷ እንዳልወጣ እኔ አይቻለሁ። ከኔ የምትደብቀው ምንድን ነው እያልኩ ቀኑን ሙሉ ያንን ኪስ ስጠብቅ ነበር የዋልኩት። አባቴ ሲቀበር እንኳ ሽቦ እፈልግ ነበር። ለምን አልነገርሽኝም ስላት «መች ጠየቅኸኝ?» አለችኝና ወደ ሊጧ ተመለሰች። እኔ ውጪ ወጥቼ ከበጎቹ በረት ጀርባ አለቀስኩ። እንባ ዓይን አፋር ነው ያለችው እውነቷን ነው።

ፎቶው መቼ እንደተነሳ አሁንም አላውቅም። በቀብሩ ሰዓት የት እንደነበርሽ ግን አውቄያለሁና ሌላውን እንድትነግሪኝ አልጠይቅሽም። ከፈለግሽ ንገሪኝ። ታውቂኛለሽ።

ይቅር በዪኝ። ተጠራጥሬሽ ብቻ አይደለም፤ ልክ እንዳሳደጉሽ አድርገሽልኝ ሳለ ነው የተጠራጠርኩሽ። አገሩ ሁሉ ያጨበጨበልን ለተከበረ አባት ነው። አንቺ ያከበርሽው ግን እኔን ነበር፣ እኔም አላወቅሁትም።

ወረቀትሽ አልቆ እንደልብሽ ስለምትመላለሺ ነሐሴ ላይ ወደ ቤት ትመጫለሽ አሉኝ። አጎቴ ጄብሮ የራሱን ቆብ አድርጎ ይመጣል፤ ትንፋሹ አጥሯል፣ ቢሆንም ይይዛል። እማዬ ከእንግዲህ ማንሳት የለም ብላለች፤ መቀበሉንም ለአንቺ ትታዋለች። ራኪው ይቀዳል፣ ወሬው ይቆማል። ያን ጊዜ ሳህንሽን እዪ። እኔን አትዪኝ፤ ልዘገይ እችላለሁ። ጉሮሮዬን ስጠርግ የአባታችን ቢመስልሽ እንዳትደነግጪ።

አነሳዋለሁ።

ታላቅ ወንድምሽ፣
ራፖ