ለመድና ላም በሩን ላልከፈተው ሰርቨር ጌታ

ለክቡር የቁም እንስሳት ዲጂታል ምዝገባ ማስተባበሪያ ኃላፊ
ከሚሴ

ጉዳዩ፦ ስለተደረገልን ሁሉ ምስጋና ስለ ማቅረብ፣ እግረ መንገዳችንንም ስለ አንዲት ላም

ክቡር ሆይ፣

አሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ። ከነመላ ቤተሰብዎ፣ ከነቢሮዎ፣ ከነአየር ማቀዝቀዣዎ እንደምን ከርመዋል? በዚህ የጨፋ ሸለቆ ሙቀት ሰውም ከብቱም ጥላ ፍለጋ ሲራኮት፣ የእርስዎ ሰርቨር ብቻ በቀዝቃዛ ክፍል፣ ምንጣፍ ላይ፣ በመጋረጃ ተከልሎ መቀመጡን ስንሰማ እፎይ አልን፤ አላህ ለሁላችንም የሰርቨር ኑሮ ይስጠን ብለንም ዱዓ አደረግን። እኛ አልሀምዱሊላህ ደህና ነን። ላሟ ደህና አይደለችም። ወደ እሷ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ያለብንን ምስጋና ላድርስ።

አንደኛ፣ በላሞቻችን ጆሮ ላይ ስላንጠለጠሉልን ቢጫ ቁጥር እጅግ አድርገን እናመሰግናለን። ቀድሞ እኛ ኋላ ቀሮቹ ከብቶቻችንን በስም፣ በመልክና በጠባይ ነበር የምንለየው። እርስዎ መጥተው፣ ላም ብትጠፋ ሰንበቴም ትገኝ ባቲ፣ ቁጥሯ ኮምፒውተር ላይ ሲጻፍ የባለቤቷ ስም ዓይን ሳይከደን ብቅ ይላል ብለው ሲያበስሩን፣ ከአዳራሹ ሁሉ ቀድማ ያጨበጨበችው ጎረቤቴ መድና ነበረች። ለመድና አዲስ ነገር ነፍሷ ነው፤ በሰፈራችን የልብስ ማጠቢያ ማሽን ቀድማ ያስገባችው እሷ ናት፤ ውሃው እስኪመጣ ድረስ ማሽላ ታስቀምጥበታለች። ጨፌ የምትባለውን ላሟንም ከሰው ሁሉ በፊት አስመዘገበች። ሌላ ላም የላትም። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው መናኸሪያው አካባቢ ላሉ ሻይ ቤቶች ወተት እያቀረበች ነው። ሰሞኑን ጨፌ መውለጃዋ ተቃርቦ ወተቷ ስለነጠፈ፣ ቤተሰቡ ሁሉ ዓይኑን ሆዷ ላይ ተክሎ ጥጃውን ይጠብቅ ነበር።

እንግዲህ ጨፌ በዚህ ሁኔታዋ ላይ ሳለች ጠፋች። ቦርከና ወንዝ ዳር ስትግጥ ውላ፣ ከቆላ ለውሃ ከወጣ የአፋር መንጋ ጋር ተቀላቅላ ሄደች። የመንጋው ባለቤት ሐቀኛ ሰው ኖሮ፣ እሑድ ሰንበቴ ገበያ ይዟት መጥቶ፣ «ይህች የሰው ላም ናት፤ ከከብቶቼ ጋር አድራለች። ባለቤቷ እያለቀሰ ይሆናል» ብሎ ለጠፉ ከብቶች በረት አስረከበና ሻይ እንኳ ሳይጠጣ መንገዱን ቀጠለ። ክቡር ሆይ፣ እስከዚህ ድረስ ያለው ሁሉ ያለ ኮምፒውተር ስለተሠራ በትክክል ተሠርቷል።

ሁለተኛ፣ ሰርቨርዎ ስላሳየን ፍጥነት እናመሰግናለን። መድና ወሬው ደርሷት በሚቀጥለው ገበያ ሰንበቴ ስትደርስ፣ በገበያው ጫፍ ባለችው ቅርንጫፍ ቢሮዎ የምትሠራው ፋሪዳ የጨፌን ቁጥር ጽፋ ቁልፉን ተጫነች። ጣቷን ሳታነሳ መልሱ መጣ። «ግንኙነቱ ተከልክሏል» ይላል። ደግማ ጻፈች፤ ተከልክሏል። ቢስሚላህ ብላ ጻፈች፤ አሁንም ተከልክሏል። ሌላው መሥሪያ ቤት እምቢ ለማለት እንኳ ከነገ ወዲያ ተመለሱ ይለናል፤ የእርስዎ ሰርቨር ግን አላንገላታንም፤ ቁርጣችንን በቅጽበት ነገረን።

ፋሪዳ መልካም ልጅ ናት። «እኔ አምኜሻለሁ እታለም፤ እሱ ነው ያላመነሽ» አለቻት፣ ስክሪኑን በአገጯ እያሳየች። ላም በሲስተም እንጂ በምስክርም ሆነ በወረቀት እንዳትለቀቅ መመሪያ ስላወጡ፣ መድና ወደ በረቱ ጠባቂ ወደ ረጀብ ሄዳ ብትለምነው እሱም አንገቱን ደፋ። «እንኳን ላሟን፣ የላሟን እናት አውቃታለሁ። ምን ላድርግ፣ መመሪያው እኔ የማውቀውን አይጠይቅም» አላት። ጨፌ በአጥሩ ቀዳዳ አፍንጫዋን አውጥታ የመድናን ሻሽ ታኝክ ነበር አሉ።

ሦስተኛ፣ ችግሩን ለመፍታት ስለወጣው ድካም እናመሰግናለን። አጣሪ ቡድንዎ ገና ከመኪና ሳይወርድ በሽታው ኔትወርክ ነው ብሎ ስለወሰነ፣ አሮጌው ኬብል ተነቅሎ ሰማያዊ ኬብል ተዘረጋ፤ ተከልክሏል። አንቴናው ከቢሮው ጣሪያ ተነሥቶ ውሃ ታንከሩ አናት ላይ ወጣ፤ ተከልክሏል። ከዚያ ጥፋተኛው ፓስዎርዱ ነው ተባለና፣ ሰይጣን የማይገምተው፣ ሰውም የማያስታውሰው ረጅም ፓስዎርድ ተሰጠ፤ ፋሪዳ እንዳይጠፋባት ለእህቷ ሠርግ በተቀባችው ሂና መካከል መዳፏ ላይ ጽፋው ሰነበተች። በመጨረሻም ላፕቶፑን ተሸክማ ጉብታው ላይ እንድትወጣ ታዘዘች። ወጣች። ገበያተኛው ልጅቷ ጨረቃ ልታይ ነው ብሎ አብሯት አንጋጠጠ። ከጉብታውም ላይ ያው ተከልክሏል።

ይህን ሁሉ ሳይ ነገሩ ስላልገባኝ ከባለሙያዎችዎ አንዱን ጠየቅሁ፤ ስሙን ብነግርዎ ይሸልሙታል ብዬ ስለፈራሁ እዘለዋለሁ። ሰውዬው እንደ ገበሬ አድርጎ አስረዳኝ። ኔትወርኩ ተበላሽቶ ቢሆን ኖሮ የፋሪዳ ጥያቄ መንገድ ላይ ቀርቶ፣ ኮምፒውተሯ መልስ ሲጠብቅ ይቆይ ነበር። እንዲህ በቅጽበት የሚመለስ እምቢታ ግን ጥያቄው ከሰንበቴ ተነሥቶ፣ ከሚሴ ገብቶ፣ ሰርቨሩ ደጃፍ ድረስ በሰላም መድረሱን ነው የሚያሳየው። እዚያ ሲደርስ ዘበኛው የምትፈልገው ሰው እንግዳ አይቀበልም ብሎ አባረረው። እንግዲያው ያ አሮጌ ኬብል ምን አጠፋ? እምቢታዎን ሳያጓድል ሲያመላልስልን የነበረው እሱ ነበር፤ ነቅለው ጣሉት።

አራተኛ፣ ስለ ጥንቃቄዎ እናመሰግናለን። አዳማ ሥልጠና ሄደው ስለ መረጃ ጠላፊዎች ሰምተው በተመለሱ ማግስት፣ ሰርቨሩ ከተቀመጠበት ክፍል ውጭ ለማንም እንዳይከፈት የሚል ማኅተም ያረፈበት ትእዛዝ አወጡ። በዚያ ክፍል ውስጥ ያለው ኮምፒውተር ሰርቨሩ ራሱ ብቻ ነው። ባለሙያው ፈራ ተባ እያለ የሰንበቴው ቅርንጫፍስ እንዴት ይሁን ብሎ ቢጠይቅዎ፣ «ሰንበቴ እዚህ ክፍል ውስጥ ነው እንዴ?» ብለው አሳቁበት። እሱም የታዘዘውን ፈጸመ። የከብቶቹ መዝገብ ያለበትን ዳታቤዝ ከራሱ በቀር የማንንም ጥሪ እንዳይሰማ አድርጎ አስተካከለው። ጠላፊው አሁን ሊገባ አይችልም፤ ላሟም ልትወጣ አትችልም።

ቀጥሎ ከበላይ አካል ጎብኚዎች መጡ። እርስዎ ሰርቨሩ ፊት በክብር ተቀመጡ፤ በሰርቨሩ በራሱ ቁልፍ ቁጥር ጻፉ፤ የባለቤቱ ስም ብቅ አለ፤ ተጨበጨበ፤ ለስላሳ ተከፈተ፤ ሥራው መቶ በመቶ ተጠናቋል የሚል ሪፖርትም ሄደ። ክቡር ሆይ፣ በአክብሮት ልጠይቅዎ፤ አንድ ሰው ሳሎኑ ተቀምጦ ራሱን በስሙ ቢጠራ፣ ራሱም አቤት ቢል፣ ድምፄ ጨፋን ተሻግሮ ተሰምቷል ብሎ ይምላል? ከዚያን ቀን ወዲህ ፋሪዳ ስልክ በደወለች ቁጥር ከቢሮዎ አንድ ሰው ወደዚያው ክፍል ገብቶ፣ እዚያው ሰርቨር ላይ ሞክሮ፣ «እኅቴ፣ እዚህ ይሠራል» ብሎ ይዘጋባታል። እዚያ ይሠራል። ላሟ ያለችው ሰንበቴ ነው።

ባለሙያው ማስተካከያው ሻይ ተቀድቶ ሳይቀዘቅዝ የሚያልቅ ሥራ ነው ይላል፤ የሰንበቴን ቅርንጫፍ ለይቶ አውቆ፣ ለእሱ ብቻ በር መክፈት ነው። ግን የታተመ ትእዛዝ የሚሽረው ሌላ የታተመ ትእዛዝ ነው። መቶ በመቶ ተጠናቋል የተባለ ሥራ ደግሞ እንዴት ይስተካከላል? መቶ አንድ ሊሆን ነው?

አምስተኛ፣ ክፍሉ ቅዳሜና እሑድ ተቆልፎ ቁልፉ ከእርስዎ ኪስ ስለሚውል እናመሰግናለን። ገበያው እሑድ ነው።

አሁን የሽማግሌዎቹን ነገር ልንገርዎ፤ እርስዎ ባይፈልጉት የጋዜጣ ዓምዴ አንባቢዎች ይፈልጉታል። ሼህ ሙሀመድአሚን የሚባሉ፣ በሰንበቴ ገበያ ስንቱን የጠፋ ከብት ለባለቤቱ የመለሱ አባት፣ የመድናን እንባ አይተው ዝም ማለት አልቻሉም። እንደ ድሮው ወግ መድናን ለበረቱ ጀርባዋን አሰጥተው አቆሟትና፣ «ሳታይ ምልክቷን ቁጠሪ» አሏት። መድና የግራ ቀንዷ ጫፍ ግራር ውስጥ ገብታ መሰበሩን፣ ከሆዷ ሥር የማንካ ቅርጽ ያለው ነጭ መኖሩን፣ በግራ በኩል ያለቧት እንደሆነ እንደምትራገጥ ተናገረች። ይህን ሁሉ ሌላም ሰው ሊያውቀው ይችላል ቢሏት፣ «እንግዲያውስ ስትጠራ የምትመጣው በዚህ ብቻ ነው» ብላ፣ በኦሮምኛ ነይ ስትላት «ኮቱ ጨፌ፣ ኮቱ» አለች። ከኋላዋ አጥሩ ተንቋቋ። ላሟ ያን ከባድ ሆዷን ይዛ በሩን በግንባሯ ትገፋ ነበር። ሼሁ «በቃ፣ ይህ ፍርድ ነው» አሉና ምስክርነቱን እንድታስገባ ወደ ፋሪዳ ዞሩ። ፋሪዳ ምስክርነት የሚጻፍበት ቦታ ሲስተሙ እንደሌለው፣ ቢኖረውም ሲስተሙ እንደማይከፍትላት እያፈረች ነገረቻቸው።

ስለዚህ ባለቤቷ አልታወቀም ተብሎ ጨፌ ባለፈው ገበያ ለጨረታ ወጣች። ሐራጅ ጠሪው ዋጋ ጠራ። ያ ሁሉ ነጋዴ፣ በዶሮ ዋጋ ሲጣላ የሚውለው ሰው፣ ጭጭ አለ። ከሩቅ የመጣ አንድ የከብት ነጋዴ ነገሩ ሳይገባው እጁን ሊያነሳ ሲል፣ አጠገቡ ቅቤ የምትሸጥ አሮጊት እጅጌውን ያዘችው። «አውርድ አንተ! የየቲም ልጆች ወተት ነው!» ሰውዬው እጁን ወደ ቆቡ መልሶ ቆቡን ያስተካከለ መሰለ። ጠሪው ዋጋውን ዝቅ አደረገ፤ ዝም። የፍየል ዋጋ ጠራ፤ ዝም። የዶሮ ዋጋ ሲጠራ ራሱም ድምፁ ጠፋበት። ላሟ ወደ በረት ተመለሰች። ሕዝቡ ያለውን አድርጓል፤ በሚቀጥለው ጨረታ ግን የከተማ ሥጋ ነጋዴዎች በመኪና እንደሚመጡ ተነግሯል፤ እጅጌ የሚይዝ አሮጊት ለሁሉም አይዳረስም።

ክቡር ሆይ፣ የምለምንዎ ጥቂት ነው። በመጪው እሑድ አንድ ቀን ቢሮዎን ትተው ወደ ሰንበቴ ይውረዱ። ፋሪዳ ወንበሯን ትለቅልዎታለች። የጨፌን ቁጥር በገዛ እጅዎ ጽፈው ቁልፉን ይጫኑና በራስዎ በር የሚባረሩት እርስዎ ይሁኑ። ምን እንደሚሰማ ካወቁ በኋላ የሚጽፉት አንድ መስመር ትእዛዝ መድናን ከነልጆቿ ይበቃታል።

ጊዜዎን ስለወሰድሁ ይቅርታዎን እየለመንሁ፣ ለሰርቨርዎ ያለኝ አክብሮት እርስዎ ለእኛ ካለዎት እንደማያንስ እያረጋገጥሁ፣ አላህ ጤናና ረጅም ዕድሜ ይስጥዎ፣ ደጃፍዎንም ያስፋልዎ እላለሁ።

በየሳምንቱ የሚያነቡኝ መስሎኝ የምጽፍልዎ፣
ሪሀና ጀይሉ
ከከሚሴ

ይህን ፈርሜ ሳበቃ የደረሰ ወሬ፦ ጨፌ በረቱ ውስጥ ወለደች፤ ጥጃው ወንድ ነው። ረጀብ መመሪያዎን እንደገና ቢያነበው፣ የጆሮ ቁጥር የሌለው ከብት በረቱ ውስጥ አንድ ሌሊት እንኳ እንዳያድር በጥብቅ ይከለክላል ለካ። ወዲያው ስልክ መትቶ፣ «መድና፣ አንድ ሕገ ወጥ ጥጃ ግቢዬ ተገኝቷል፤ መጥተሽ አንሺልኝ» አላት። መጣች፤ ጥጃውን አቅፋ ወጣች፤ እናቱም ተከተለችው። ረጀብ ልጇን የተከተለች እናት የሚያስቆም አንቀጽ ፈልጎ አጣ። ሁለቱም በአይሱዙ ተጭነው ከሚሴ ገብተዋል፤ እንገሩንም ቀምሰናል። ፋሪዳ ላሟ መውጣቷን ለሰርቨሩ ልታሳውቅ ብትሞክር እንደ ልማዱ ከለከላት። ይሁንና አይስጉ፤ ለሰርቨርዎ መጥፋቷንም ማንም አልነገረውም። በእሱ መዝገብ ጨፌ ከመድና ጓሮ ወጥታ አታውቅም። ዛሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ መረጃዎ ትክክል ነው፤ እንኳን ደስ አለዎት።